ረገጥሁ

ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ ከጎማ ቤቱ አልፎ፣ ከኔ ጋራዥ ደጃፍ፣
አንዲት ቀይ መኪና፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች እንደ ምንጣፍ፣
ቆመች። ጎረምሳ ይወርዳል ብዬ ነበር፣ ጥቁር መነጽር የሰካ፤
የወረዱት በከዘራ፣ ጋሽ አያልሰው ናቸው ለካ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣
አባይ በረሃን የፍሬን ሽታ እየማጉ የወጡ የወረዱ፣
ጡረታ ሲወጡ፣ ልጆቻቸውን ሳያማክሩ፣
ቦታ ሸጠው ይህችን ገዝተው፣ እንደ ወጣት ሊበሩ።

«ልጅየ» አሉኝ፣ «ትዘገያለች።
እግሬ ይናገራል፣ እሷ ታስባለች።
ረግጬ፣ አንድ ትንፋሽ ጠብቄ፣ ያኔ ነው የምትሰማኝ፤
እንዲህ ያለ ንቀት በአውቶቡስ ዘመኔም አልገጠመኝ።»

ከዳሽቦርዱ ሥር ሽቦ ሰካሁ፣ ላፕቶፔን ከፈትሁ፤
የኮምፒዩተሯን ካርታ፣ ቁጥር በቁጥር፣ እንደ ደብዳቤ አነበብሁ።
ሩቅ አገር ያለ መሐንዲስ፣ ደግ ሰው ወይም ፈሪ፣
«ቀስ በይ» ብሎ ጽፎላታል፤ «ሰው ሲቸኩል አንቺ አትብረሪ፤
አስር ቢልሽ ስድስቱን ክፈቺ፣ ቀሪውን እያመነታሽ።»
«አይዞሽ» አልኋት፣ «ከዛሬ ወዲያ ማንም አያስታግስሽ።»
እግር አስር ሲል ስሮትሉም ሳያቅማማ አስር እንዲል፣
አየሩን፣ ነዳጁን፣ የብልጭታውን ሰዓት ሳስተካክል፣
ዋልሁ።
ወደ ማታ አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን መጫን ጀመርሁ፤
ስድሳ አንድ በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ደረቅሁ።

እዚህ ላይ ከተቋረጠ፣ ሣጥኑ ድንጋይ ነው፣ መኪናዋ ሐውልት፤
ላፕቶፔ የቀራት ዘጠኝ በመቶ፤ ቁጥሩ የሚሄደው በኤሊ ጉልበት።
ጋሽ አያልሰው ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ጭንቀቴ ሳይገባቸው፣
ነፋሱ የሐይቁን ሽታ ሲያመጣው፣
«ዛሬ አምባዛ ወጥቷል» አሉ ለራሳቸው።
ላፕቶፔ ሁለት ሲቀራት፣ መቶ አለ።
ቁልፉን አዞርሁ፤ ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመ እንጂ ምንም አላለ።

በነጋታው፣ በዘንባባው ጎዳና፣ ገና አውራ ጣቴን ሳስብ ዘለለች፤
ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ፊቴ የነበረች ባጃጅ ኋላዬ ቀረች።
መሪውን ለቀቅሁላቸው። ነዱ። ተመለሱ። ፊታቸው እንደ ቀድሞው።
«ተሻሽላለች፤ ግን ትዘገያለች፤ ትንሽ አለ የቀረው።»

ስክሪኔ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ የፔዳሉ፣ አንዱ የስሮትሉ፤
እንደ መንታ ተጣብቀው ወጥተዋል፤ ቅንጣት ክፍተት የለም በመሃሉ።
«ጋሼ፣ ሲረግጡ ይንገሩኝ» አልሁ፣ ዓይኔን ሳልነቅል።
«ረገጥሁ» አሉ።
መስመሩ ተኝቷል፤
ጀልባ እንዳልነካው ሐይቅ ዝርግ ብሏል፤
አንዲት ወፍ ከሾላው ተነሥታ
ሌላ ሾላ ላይ እስክታርፍ ያህል።
ከዚያ ተነሣ።

«እንደገና።»
«ረገጥሁ።» ደግሞም ያው።
ቃላቸው ደርሷል፤ እግራቸው ገና መንገድ ላይ ነው።
ጫማቸውን አየሁ፤ ሰፊ፣ ማሰሪያው የላላ፣
ስኳር ያለበት ሰው የሚያደርገው፤ ከቀኙ
ፋሻ ብቅ ይላል ከካልሲው ኋላ።

«ምን አገኘሽ?»
«የኔ ሽቦ የሚደርስበት ሁሉ ንጹሕ ነው ጋሼ» አልሁ፤
የቀረውን አልጨረስሁ።
«አውቃለሁ ልጅየ» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ፤
«ሐኪሙም ጋ ሄጃለሁ፤ እንዳንቺው ዝምታ ነው ምላሹ።
ብቻ፣ በእሷ በኩል ያለው ተነሥቶ፣ የኔው ብቻውን ቢቀር፣
ትንሽ እንቀራረባለን ብዬ ነበር።»
ሒሳቤን ቆጥረው ከፈሉ፤ አላጎደሉም አንድ ብር።

ከዚያ ቁልፉን ወረወሩልኝ፤ እሳቸው ከጎን ገቡ።
ከተማውን አቋርጠን፣ ወደ አየር ማረፊያው፣
አንድ አይሱዙ፣ ሁለት በግ ነጂ አሳልፈን፣
አስፋልቱ ባዶ ሲሆን፣
«አሁን» አሉ።

በ«አ» እግሬ ወረደ፤ በ«ሁን» ዛፉ ኋላችን ቀርቷል።
ሳቁ፤ ጥርሳቸው ስንት እንደሆነ ያን ቀን ታውቋል።
በዓይኔ ጠርዝ አየሁት ቀኝ እግራቸውን፤
ፔዳል በሌለበት ወለል፣
ሰማንያን ካለፍን በኋላ፣
ቀስ ብሎ ይረግጣል።